ስቲል ጊታሬ ክር አነሰው ወይስ በዛበት? ችግሩና መፍትሄው

በስቲል ጊታር ጣት ክር አይጫንም። ግራ እጅ የያዘው ብረት ክሮቹ ላይ ጋደም ብሎ ይንሸራተታል፤ ክሮቹም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከብረቱ ሥር ማግኘት ከባድ ነው። «ስንት ክር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄም የሚመጣው ከዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን አጨዋወት ሃዋይ ውስጥ እንደጀመረ የሚነገርለት ጆሴፍ ኬኩኩ የያዘው ተራ ባለ 6 ክር ጊታር ነበር፤ 8፣ 10ና 12 ክር የመጣው ተጫዋቾች ተጨማሪ ኮርድ ሲፈልጉ ነው። እኔ የምመክረው ግን መጀመሪያ ቅኝቱን እንድትመረምሩ ነው። ከዚህ በታች ሲ ስል ዶ፣ ኤ ስል ላ ማለቴ ነው፤ ላፕ ስቲል (ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታው፣ ፔዳል የሌለው ዓይነት) ላይ የምጽፈውም ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ነው።

«ሜጀር ብቻ ነው የሚወጣልኝ፤ ማይነር የለም»

ሜጀር ደስ ያለው፣ ማይነር ደግሞ ሐዘን ያዘለ የሚመስለው ኮርድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጊታሩ በጂ ሜጀር መቃኘቱ ነው፦ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ። ክሩ 6 ነው፣ ድምፁ ግን 3 ብቻ። በዚሁ ቅኝት ሁለት ክር ቢጨመርም ያው 3 ድምፅ ይደጋገማል እንጂ ማይነር አይመጣም። ሲ 6 ወደሚባለው ቀይሩት፦ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ሲ ሜጀር፣ ሦስቱ ቀጫጭን ኤ ማይነር ይሰጣሉ። ወፍራሙን ሲ ግማሽ ቶን ከፍ ብታደርጉት ደግሞ አራቱ ወፍራሞች ኤ ሰባተኛ የሚባለውን ኮርድ ይሰጣሉ። የድሮዎቹን ክሮች ግን በግድ አትወጥሯቸው፤ ለዚህ ቅኝት የሚሆን ውፍረት ያላቸውን ግዙ።

«ትዝታ ስጫወት ዜማው ይቀልጥብኛል»

ይህ ለኛ ሰው ዋናው ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ሲ 6 አራቱን ይዟል፤ የጎደለችው ዲ ብቻ ናት። እሷን ለማግኘት ከሲ ክር ላይ ሁለት ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰመረ የግማሽ ቶን ምልክት) ሄዶ መመለስ ግድ ይላል። አንዴ ሲሆን እንደ እንጉርጉሮ ሆድ ያባባል። በአንድ ስንኝ አራት ጊዜ ሲደጋገም ግን ድምፆቹ እርስ በርስ ይፈሳሉ፣ ክራር ላይ የለመድነው ጥርት ያለ ምት ይጠፋል።

መፍትሄውም ክራር ላይ አለ። ባለ 6 ክር ክራር አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች ይዞ ስድስተኛው የመጀመሪያው ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ) ነው። ላፕ ስቲሉንም እንዲሁ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ብላችሁ ቃኙት። ብረቱን 12ኛው ፍሬት ላይ አቁሙትና ቀኝ እጃችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ትዝታ ሙሉውን ይመጣል። መንሸራተቱን እንባ ለሚፈልገው ቦታ ብቻ ታስቀሩታላችሁ። ባቲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) ሲፈለግ ክራር ደርዳሪ እንደሚያደርገው የሦስት ክር መቃኛ ማዞር ነው፤ 12 ክርም ቢኖር ከዚህ ሥራ አያድንም።

የዚህ ቅኝት ጉድለት ኮርድ ላይ ነው። ሲና ዲ ጎን ለጎን ስለሆኑ አብረው ሲመቱ ይጋጫሉ። 8 ክር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ጂ። አምስቱ ወፍራሞች ትዝታ፣ አራቱ ቀጫጭኖች ደግሞ ማይነሩንና ሜጀሩን ይይዛሉ። እኔ ዛሬ የምጫወተው በዚህ ነው፤ ለዘፋኝ አጃቢነት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

«ዳር ያሉት ክሮች ይንጫጫሉ»

ከ6 ወደ 10 ክር የተሸጋገረ ሰው የድሮውን አጭር ብረት ይዞ ሲቀጥል የሚገጥመው ነው። ብረቱ ዳር አይደርስም፣ ቢደርስም ቀላል ስለሆነ ክሩን በደንብ አይጫንም። ለ10 ክር ርዝመቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ድብልብል ብረት ያስፈልጋል። ድምፁ ከዚያም በኋላ ከተድበሰበሰ ሥራው የቀኝ መዳፍ ነው፤ የማይመታውን ክር በመዳፍ ጠርዝ ዝም ማሰኘት ልመዱ።

«ፔዳል ስቲሌ ላይ ሦስተኛው ክር ይበጠሳል»

ፔዳል ስቲል በእግር በሚረገጥ ፔዳል የክሮቹን ድምፅ የሚቀይር ስቲል ጊታር ነው። ኢ 9 በሚባለው ቅኝቱ ሦስተኛው ክር ጂ ሻርፕ (ከጂ ግማሽ ቶን ከፍ ያለው) ነው። ድምፁ ከአንደኛውና ከሁለተኛው የሚቀጥነው፣ ክሩም ከሁሉም ቀጭኑ (ብዙ ጊዜ 0.011 ኢንች) እሱ ነው፤ በዚያ ላይ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ወደ ኤ ይሳባል። የክር ብዛት ብትቀይሩም ይህ አይቀርም። ሳይበጠስ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ መለዋወጫም ከጊታሩ ጋር ይኑር።

«ግማሹን ጊታር አልነካውም»

ይህ የራሴ ታሪክ ነው። 10 ክር በኢ 9፣ 10 ክር በሲ 6 ያለው ባለ ሁለት አንገት ፔዳል ስቲል ገዛሁ። ከነሳጥኑ ከ25 ኪሎ በላይ ነበር፤ ደረጃ ላይ ሁለቴ አሳርፌ ነው ያስገባሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሲ 6 አንገት ላይ ክርኔን ከማሳረፍ በቀር አልሠራሁበትም፣ በመጨረሻም ሸጥኩት። ሁለቱንም የእውነት የሚፈልግ ሰው ባለ 12 ክሩን ዩኒቨርሳል ይይ፤ የሁለቱን ሥራ በአንድ አንገት ያጠቃልላል። ኢ 9 ብቻ ለሚጫወት 10 ክር በቂ ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ የምትጀምሩ በ6 ጀምሩ። ክር ሲያልቅባችሁ ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ውፍረታቸውን እየመረጣችሁ ማሟላት ትችላላችሁ፤ የ8ና የ10 ሙሉ ስብስብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ሰው እስኪያመጣ ይጠበቃል።