የልብ ዝንባሌን ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የምወደው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝንባሌ የሌለው ሰው አይደለም። የሚያስቸግረው የሚፈልግበት ቦታ ነው፤ ሐሳቡን ይመረምራል፣ የጠባይ መለኪያ መጠይቆችን ይሞላል፣ የተሳካላቸውን ሰዎች ታሪክ ያነባል፣ መልሱ ያለበትን የትናንት ውሎውን ግን ዞር ብሎ አያየውም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ብዙ ሰዎችን ለዓመታት ያመላለሱ ናቸው። ሁሉም እኩል ክብደት ስለሌላቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ዝንባሌ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው ብሎ መጠበቅ

ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ ዝንባሌ በውስጣችን የሆነ ቦታ ሙሉ ሆኖ ተቀምጦ የሚጠብቀን፣ ባገኘነው ዕለትም ልባችን ያለ ጥርጥር የሚለየው ነገር ነው ብሎ ማመን ነው። ይህ እምነት ያለው ሰው አዲስ ነገር ሲጀምር ሥራውን ከመከታተል ይልቅ ስሜቱን ይጠብቃል። ስሜቱ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተቀሰቀሰ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል፤ ቢቀሰቀስም የመጀመሪያው አስቸጋሪ ደረጃ ላይ ሲደርስ ያንኑ ፍርድ ይሰጣል።

ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክና ግሬግ ዋልተን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነውታል። ተማሪዎች በመጀመሪያ ብርሃን እንኳ ስለማያመልጥባቸው የጠፈር ጥቁር ጉድጓዶችና ስለ ፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ንድፈ ሐሳብ የሚያስረዳ ቀለል ያለ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደረገ፤ ብዙዎቹም ተመሰጡ። ቀጥሎ በዚያው ርዕስ ላይ የተጻፈ ከባድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ጉጉታቸው ቀነሰ፤ ይበልጥ የቀነሰው ግን ዝንባሌ የማይለወጥ ነው ብለው በሚያምኑት ዘንድ ነበር። ዝንባሌ ሙሉ ሆኖ የሚገኝ ነገር ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ድካም ሁልጊዜ «ተሳስተሃል» የሚል ምልክት ሆኖ ይታየዋል፤ ዝንባሌ እየተኮተኮተ የሚያድግ መሆኑን የተረዳ ግን ያንኑ ድካም የሚጠበቅ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ አዲስ ነገር ሲጀምሩ መቀጠልዎን ወይም መተውዎን የሚወስኑበትን ቀን አስቀድመው ይቁረጡ። እኔ ከ2 ወር ያነሰ ጊዜ ለፍርድ አይበቃም ባይ ነኝ፤ እጅ ሳይፈታ የሚሰጥ ፍርድ ስለ ጀማሪነት እንጂ ስለ ሥራው ብዙ አይናገርምና። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊያስተውሉት የሚገባው በሥራው ላይ ሳሉ የሚሰማዎትን ብቻ አይደለም። ትተውት ከተነሱ በኋላ ሐሳብዎ ማንም ሳይጠራው ወደ እሱ የሚመለስ መሆን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ።

መልሱን በማሰብ ብቻ ለማግኘት መሞከር

ምን እንደሚያስደስተን ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብለን እናምናለን። አሁን የሚሰማንን በተመለከተ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ወደፊት የሚሰማንን በተመለከተ ግን ግምታችን ደጋግሞ ይስታል። ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን በተከታታይ ጥናቶቻቸው እንዳሳዩት፣ ሰዎች አንድ ክስተት የሚያመጣባቸውን ደስታም ሆነ ሐዘን ከሚሆነው በላይ አብዝተውና አርዝመው ይገምታሉ። ከዚያ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ 22 የሎተሪ ባለዕድሎችን ዕድሉ ካልደረሳቸው ሰዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ውጤቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ባለዕድሎቹ ይህ ነው የሚባል የደስታ ብልጫ አልነበራቸውም፣ እንዲያውም ከወዳጅ ጋር እንደ መጨዋወት ካሉ ተራ የዕለት ነገሮች የሚያገኙት እርካታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ግምት እንዲህ የሚስት ከሆነ ማስረጃ መሰብሰብ ይሻላል። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ 909 ሠራተኛ ሴቶች ያለፈውን ቀን እንደ ፊልም ትዕይንት በየክፍሉ ከፋፍለው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደነበሩና ምን ይሰማቸው እንደነበር እንዲጽፉ አድርገዋል። ይህን ማንም ሰው በአንድ ደብተር ሊያደርገው ይችላል። ለ2 ሳምንት ያህል በየማለዳው የትናንቱን ውሎ በዚህ መንገድ ይጻፉ፤ ከዚያም ሰዓቱ ሳይታወቅዎት ያለፈባቸውን፣ ማንም ሳያዝዎት የሠሯቸውንና ድካም ቢኖራቸውም ጉልበት ጨምረውልዎ የሄዱትን ክፍሎች ያስምሩባቸው።

ካሰመሩባቸው ክፍሎች ውስጥ የሙያ ስም ሳይሆን ድርጊት ይፈልጉ፤ መጠገን፣ ማስረዳት፣ የተዘበራረቀን ማስተካከል፣ ማድመጥ፣ በእጅ አንድ ነገር መሥራት። ማስተማር እወዳለሁ የምትል መምህርት ደብተሯን ስታይ ያሰመረችው የክፍል ውስጥ ሰዓቱን ሳይሆን ለትምህርቱ ሥዕላዊ መግለጫ ያዘጋጀችባቸውን ምሽቶች ሊሆን ይችላል። ይህ ግኝት መምህርነቱን ተይው አይላትም፤ የደስታዋ ምንጭ የትኛው ጫፍ እንደሆነ ግን ያሳያታል፤ በየትኛውም ሙያ ብትሆን ይዛው ልትሄድ ትችላለች።

ስሙን ወድዶ ሥራውን አለመውደድ

እኔ ለብዙ ዓመታት ጊታር መጫወት እወዳለሁ እል ነበር። ጊታሩንም ገዝቻለሁ። ልብ ብዬ ሳየው ግን የምወደው በሰዎች ፊት ስጫወት የማየውን ምናባዊ ራሴን እንጂ፣ ብቻዬን ተቀምጬ አንዱን ቅንብር 40 ጊዜ መደጋገምን አልነበረም። ይህን ለራሴ ማመን አሳዝኖኝ ነበር፤ ይሁንና በእያንዳንዱ የዝንባሌ ጥያቄ ፊት የማቀርበውን መመዘኛ ያገኘሁት ከዚያ ነው። ማንም ሳያይዎት፣ ማንም ሳያውቅልዎት፣ ነገሩ በአንድ ተራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምን ይመስላል? ጸሐፊነት በአብዛኛው ብቻን ተቀምጦ የጻፉትን መሰረዝ ነው፤ ሩጫ በአብዛኛው ማንም የማያጨበጭብበት ልምምድ ነው። ይህን ክፍሉን የሚወዱ ከሆነ፣ ወይም ቢያንስ የሚታገሡት ሳይሆን የሚናፍቁት ከሆነ፣ ነገሩ የእርስዎ ሊሆን ይችላል።

እረፍትንና ደስታን ማምታታት

ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው የሚፈልገው ማረፍ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ስህተቱ የሚመጣው፣ ምንም የማይጠይቀን ነገር ሁሉ የሚያስደስተን ነው ብለን ስንደመድም ነው። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይና ጁዲት ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ሠራተኞች የጥሪ መሣሪያ ይዘው ለአንድ ሳምንት እንዲውሉ፣ መሣሪያው በድንገት በጠራ ቁጥርም የሚያደርጉትንና የሚሰማቸውን እንዲመዘግቡ ተደረገ። ከፍ ያለ ችሎታ ከፍ ካለ ፈተና ጋር የሚገጥምበት፣ ሰው ራሱን ረስቶ የሚመሰጥበት ሁኔታ ከትርፍ ጊዜ ይልቅ በሥራ ሰዓት አብዝቶ ተገኘ። የሚገርመው፣ እነዚያው ሰዎች በሥራ ላይ ሳሉ ሌላ ነገር እያደረጉ ቢሆኑ እንደሚመርጡ ይናገሩ ነበር። እንግዲህ «አሁን ምን ብሠራ ደስ ይለኛል?» የሚለው የደከመ ሰው ጥያቄ ብቻውን አያዋጣም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚሰማዎትንም አብረው ይመዝግቡ።

ደስ ያለንን ነገር ወዲያው ወደ ገቢ መቀየር

ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 መሳል በሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከሳሉ ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ከጊዜ በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ለመሳል ያዋሉት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ድንገት የተሸለሙት ልጆች ላይ ግን ይህ አልታየም። በሚወዱት ሥራ መተዳደር ነውር አይደለም፤ ለብዙዎችም ታላቅ በረከት ነው። የምቃወመው ጥድፊያውን ነው። ገና ሥር ያልሰደደ ፍቅር በደንበኛ ጥያቄ፣ በዋጋና በቀነ ገደብ ሲከበብ፣ ሰውየው የሚጠላው ሥራውን ይሁን ንግዱን መለየት ያቅተዋል።

በሌሎች ምርጫ መኖር፣ ወይም ጊዜው አልፏል ማለት

ቻርልስ ዳርዊን በአባቱ ፍላጎት እ.ኤ.አ. በ1825 ሕክምና ለመማር ኤድንብራ ሄደ፤ ያለ ማደንዘዣ የሚደረገውን ቀዶ ጥገና ማየት ስላልቻለ ትምህርቱን አቋረጠው። ከዚያም ካህን እንዲሆን ካምብሪጅ ተላከ። በሁለቱ የተመረጡለት መንገዶች መካከል ግን ማንም ያላዘዘውን ሲያደርግ ይውል ነበር፤ ጥንዚዛ ይሰበስባል፣ ከተፈጥሮ ተመራማሪዎች ጋር ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1831 በቢግል መርከብ ላይ ለጉዞ ያበቃው ያ የትርፍ ጊዜ ውሎው ነው። ቤተሰብ ከመረጠልዎ መንገድ መውጣት የማይችሉበት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ በዚያም ሆነው ግን በመካከል የሚሠሩትን ማየት ይችላሉ።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቪንሰንት ቫን ጎግ ሥዕል በመሸጥ፣ በማስተማር፣ በመጻሕፍት መደብርና በሰባኪነት ካሳለፈ በኋላ ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው በ27 ዓመቱ ነው፤ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ግራንድማ ሞዝስ ደግሞ ሥዕልን አጥብቃ የያዘችው ወደ 80 ስትቃረብ ነው።

የሚወዱት ነገር እንዲገዛዎት መፍቀድ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ዝንባሌን በሁለት ከፍለውታል፤ ከቀሪው ሕይወት ጋር ተስማምቶ የሚኖር፣ ሰውየውም ሲፈልግ የሚያቆመው አንድ፣ ሰውየውን በግድ የሚነዳውና ሲያቆመው የሚያስጨንቀው ሌላ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ትጋት ይመስላሉ። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የምናደንቀው ሁለተኛውን ነው፤ ይህን ልማድ ብንተወው እወዳለሁ። መለያው ቀላል ነው፤ ለ3 ቀን ቢተዉት የሚሰማዎት ናፍቆት ነው ወይስ ዋጋ ቢስ የሆኑ ያህል የሚያስጨንቅ ነገር?

የጤና ችግርን የዝንባሌ ችግር አድርጎ መውሰድ

ይህን በመጨረሻ ያመጣሁት ከሌሎቹ ስለሚለይ ነው። አንዳንድ ሰው የሚወደውን ያጣው ስላላገኘው ሳይሆን፣ ቀድሞ ይወደው የነበረው ሁሉ ጣዕሙን ስላጣበት ነው። ወዳጅም፣ ሙዚቃም፣ ሥራም እኩል ደብዝዘውበት ይህ ሁኔታ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከቆየ፣ በተለይም የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት ከተጨመረበት፣ የድብርት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ዝንባሌህን ፈልግ» ብሎ መምከር ሸክም መጨመር ነው። የሚያስፈልገው ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መቅረብ ነው፤ ሕመሙ ሊታከም የሚችል ነው፤ ደብተሩና የ2 ወሩ ሙከራ እስኪሻለው ድረስ ሊቆዩለት ይችላሉ።