ለቤት እባብ አይጥ ወይስ አይጠ መጎጥ? አመራረጡ ደረጃ በደረጃ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው፣ እባብን ቤት አስገብቶ መቀለብ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ለእኔም አልተዋጠልኝም ነበር። አሜሪካ የተወለደው የእህቴ ልጅ ግን ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆይ እህቴ ፍሪዘሯን ስትከፍት ከበርበሬው ጎን የአይጥ ከረጢት አገኘች። የዚያን ቀኑን ጩኸት ልተወው። የልጁ ጥያቄ ግን ጥሩ ነበር፦ ትንሿን ልግዛ ወይስ ትልቁን?

እኛ ሁለቱንም አይጥ ብለን እናልፋለን። እዚህ ላይ ግን ትንሿን አይጥ፣ ትልቁን አይጠ መጎጥ እያልኩ ልቀጥል። ያደገች አይጥ ከ20 እስከ 30 ግራም ትመዝናለች። ያደገ አይጠ መጎጥ 300 ግራም ሊያልፍ ይችላል። እባቡ ሁለቱንም ከነአጥንታቸው ስለሚውጥ በምግብነታቸው ብዙ አይራራቁም። ዋናው ልዩነት መጠናቸው ነው።

1. መጀመሪያ እባቡ ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን እወቁ

ዛሬ ያለውን ብቻ አትዩ። ኮርን ስኔክ የሚባለው የአሜሪካ እባብ ቀጭን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በአይጥ መኖር ይችላል። የኬንያ ሳንድ ቦዋም እንደዚሁ። የኬንያ ይባል እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥም አለ፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያደባ አጭር እባብ ነው። ቦል ፓይተን ግን ሌላ ነው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዘንዶ ነው፤ ሴቷ ስታድግ ከ1.5 ኪሎ በላይ ልትመዝን ትችላለች። ለእሷ አንዲት አይጥ ቁርስም አትሆናት።

2. መዝኑ፣ ለኩ

ግምት አያዋጣም። ለእባቡ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሚዛን ግዙ። በማደግ ላይ ላለ እባብ የአንድ ጊዜ ምግብ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ላደገ ቦል ፓይተን ከ5 እስከ 7 በመቶ።

ሒሳቡን እንሥራው። 200 ግራም የሚመዝን ትንሽ ቦል ፓይተን ከ20 እስከ 30 ግራም ያስፈልገዋል። ይህ አንድ ያደገች አይጥ ወይም አንድ የአይጠ መጎጥ ግልገል ነው፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። 1,500 ግራም ሲሆን ግን ከ75 እስከ 105 ግራም ይፈልጋል። ያኔ ወይ ከ3 እስከ 4 አይጥ ታቀልጣላችሁ፣ ወይ አንድ ገና ያልጎለመሰ አይጠ መጎጥ። ምርጫው እዚሁ ላይ አለቀ።

ሚዛን ከሌላችሁ በዓይን የሚለካበት መንገድም አለ። ምግቡ ከእባቡ ሰውነት ወፍራሙን ቦታ ያህል፣ ቢበዛ ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን። ከዚያ ካለፈ እባቡ መልሶ ሊያስታውከው ይችላል።

3. ለቦል ፓይተን አይጠ መጎጥን በልጅነቱ አስለምዱት

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቦል ፓይተን ግትር በላተኛ ነው። በአይጥ ብቻ ካደገ አይጠ መጎጥ ሲቀርብለት እንደ ምግብ ላይቆጥረው ይችላል። ስለዚህ መጠኑ የሚመጥን ግልገል መዋጥ ከቻለበት ቀን ጀምሮ አስለምዱት። ስትገዙትም እስካሁን ምን ሲበላ እንደነበር ሻጩን ጠይቁ።

አንዴ አይጥ ለምዶ ከሆነስ? እባብ የሚያምነው ሽታን ነው። አይጧንና አይጠ መጎጡን በአንድ ከረጢት አብራችሁ አቅልጡ፣ ወይም አንዱን በሌላው እሹት። ካልሆነ በቀጣዩ ሳምንት ሞክሩ። ቦል ፓይተን በተለይ በብርድ ወቅት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ክብደቱ እስካልቀነሰ ድረስ አትደንግጡ። እየከሳ ከሄደ ግን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

4. የሞተና በፍሪዘር የበረደ ግዙ

በሕይወት ያለ አይጠ መጎጥ ጥርሱ ቀላል አይደለም፤ እባቡን ነክሶ ክፉኛ ሊያቆስለው ይችላል። ቤት ውስጥ በወጥመድ የተያዘ አይጥማ ጭራሽ አትስጡ። ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ የአይጥ መርዝ በልቶ ከሆነ ደግሞ መርዙ ለእባቡም ይተርፋል።

የበረደውን ከማታ ጀምሮ በተዘጋ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ከነከረጢቱ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። መሀሉ በረዶ እንዳይቀረው በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ አረጋግጡ። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ ይፈነዳል፣ ወይም አንድ በኩል ይበስላል። ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ያዙለት። በእጅ ከሰጣችሁ እጃችሁንም ምግብ ሊመስለው ይችላል።

5. ከበላ በኋላ

ለ48 ሰዓት አታንሱት። ቦል ፓይተን የሚፈጨው ሙቀት ሲያገኝ ነው፤ የሚኖርበት ሳጥን ሞቃቱ ጥግ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። ጫጩት እባብ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ አንዴ ይበላል። ያደገው 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ቢቆይ ምንም አይሆንም። እንዲያውም የቤት እባብን ከርሃብ ይልቅ ውፍረት ነው የሚያስቸግረው።

ስለ ፍሪዘሩ ግን እህቴ ትክክል ነበረች። በረዶ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ አይገድልም፤ በበረዱ አይጦች የታመሙ ሰዎች አሉ። የወጥ ቤቱን ማጠቢያ፣ ድስትና ሳህን አትጠቀሙ። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ በተለይ። የእህቴ ልጅ አሁን የራሱን ትንሽ ፍሪዘር ገዝቶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አስቀምጧል። በርበሬው ተመልሶ ቦታውን ይዟል።