በወጣት እጅ የገባ የሕመም ማስታገሻ፦ ቤተሰብ እንዴት ይከታተል?

ከቀዶ ሕክምና ወይም ከከባድ ጉዳት በኋላ በሐኪም የሚታዘዙት እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመም ከማስታገሥ አልፈው የደስታ ስሜት ስለሚፈጥሩ፣ ሰውነት በለመዳቸው ቁጥር ያንኑ ስሜት ለማግኘት ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል።

ክትትሉ የሚጀምረው ፍሬዎቹን ከመቁጠር ነው። 20 ፍሬ ታዝዞ በቀን 3 ጊዜ አንድ አንድ የሚወሰድ ከሆነ፣ በ4ኛው ቀን ማለዳ 11 ፍሬ መቅረት አለበት፤ 6 ብቻ ከተገኘ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይሁንና «ምን አደረግኸው?» ከሚለው ይልቅ «ሕመሙ አልተሻለህም ወይ?» የሚለው ጥያቄ እውነቱን የማውጣት ዕድሉ የሰፋ ይመስለኛል። የተረፈው መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ከሚከርም ወደ መድኃኒት ቤት ቢመለስ ይሻላል።

ልማዱ ከጸና በኋላ በድንገት ማስቆም ላብ፣ ቁርጠትና እንቅልፍ ማጣት ስለሚያስከትል፣ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ሊቀነስ ይገባል። ለሳምንታት አቁሞ የቆየ ሰው ወደ ቀድሞው መጠን ቢመለስ ግን፣ ሰውነቱ መቋቋሙን ስላጣ፣ ሊሞት ይችላል።

ማስታገሻው ከአልኮል ወይም ከዲያዜፓም (የማረጋጊያ መድኃኒት) ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽን ያዳክማል። ወጣቱ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ከንፈሩም ከጠቆረ፣ «ደክሞት ተኝቷል» ብሎ መተው አይገባም፤ አምቡላንስ ተጠርቶ፣ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፣ ናሎክሶን (የእነዚህን ማስታገሻዎች ኃይል የሚያከሽፍ መድኃኒት) ካለም ይሰጠው። የናሎክሶን ኃይል ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ቢነቃም እንኳ ሆስፒታል መሄድ አለበት።