ትልቅ የዋንዛ ግንድ ሲዞር ቶርኖው የሚንቀጠቀጥበት ችግር እንዴት ተፈታ

ለከበሮ የመረጥነውን 70 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ስናስር፣ ከቁርጥራጭ ብረት የበየድነው ቶርኖ (እንጨት እያዞረ በመሮ የሚቀረጽበት ማሽን) ከነእግሩ ወለሉ ላይ መሄድ ጀመረ። ግንዱ እርጥብ ዋንዛ ነው፤ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

መጀመሪያ የነካሁት ፍጥነቱን ነው። የሚያንቀጠቅጠው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሞተሩ በደቂቃ 1440 ጊዜ ይዞራል። መሃል ላይ ሌላ ዘንግ በኩሽኔታ አስቀምጬ፣ በሁለቱም ደረጃ ከ10 ሴንቲ ሜትር ፑሊ (ቺንጋ የሚጠመጠምበት ጎማ) ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ፑሊ በቺንጋ አገናኘሁ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ፍጥነቱን ወደ ሲሶ ስለሚያወርድ ግንዱ አሁን በደቂቃ 160 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ300 ዙር እንኳ የዚህ ግንድ ጠርዝ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት የተፈናጠረ ቅርፊት ዓይን ያጠፋል፤ ግንዱ ራሱ ከማሰሪያው ከወጣማ የሚያቆመው የለም!

ቀጥሎ ቺንጋውን አውልቄ ግንዱን በእጄ አዞርኩት። ደጋግሞ ወደ ታች የሚመለሰው ጎን ከባዱ ነውና፣ የትም ቢለቁት ባለበት እስኪቆም ድረስ ያንን ጎን በመጥረቢያ ጠረብኩ። የቶርኖውን እግሮች በአሸዋ ከረጢት አከበድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስታ ነው። እርጥብ ዋንዛ ለተሳለ መሮ ይታዘዛል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ ረዝሞ ይወርዳል። በመጥረቢያ ብቻ የማይገኝ ክብነት ከአንድ ወጥ ግንድ ይወጣል። ሲደርቅ ስለሚጣመም ግድግዳውን ወፍራም አድርጌ፣ ሁለቱን አፎች ሰም ቀብቼ ጥላ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።