የኮምፕሬሰር አየር ፍሰት እንዳይዋዥቅ ያደረግሁበት መንገድ

በእንጨት ሥራ ቤታችን ቫርኒሽ የምንረጨው ከኮምፕሬሰሩ ታንክ በቀጥታ በሚወጣ አየር ነበር። ሞተሩ የታንኩ ግፊት 8 ባር ላይ ሲደርስ ጠፍቶ 6 ባር ላይ እስኪነሳ ድረስ ፍሰቱ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በአንድ የቁም ሳጥን በር ላይ እንኳ ግማሹ ልስልስ፣ ግማሹ ደግሞ በወፍራም ነጠብጣብ የሻከረ ሆኖ ይወጣ ነበር።

የታንኩን መዝጊያ በከፊል ማጥበብ መፍትሔ አይሆንም፤ ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር በመሆኑ ለመክፈትና ለመዝጋት እንጂ ለመመጠን አልተሠራም። ከዚህም በላይ፣ ከጠባቡ ቀዳዳ በፊት ያለው ግፊት ከኋላው ካለው በግምት ከእጥፍ ሲበልጥ አየሩ በቀዳዳው ውስጥ የድምፅን ፍጥነት ስለሚደርስ፣ የሚያልፈው መጠን የታንኩን ግፊት ተከትሎ ይወርዳል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በሚያሳየው ላይ የከባቢው አየር 1 ባር ሲደመር 9 የነበረው 7 ይሆናል፤ ፍሰቱም ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ከታንኩ ቀጥሎ ሬጉሌተር (የግፊት ማስተካከያ)፣ ከእርሱ በኋላ መርፌ ቫልቭ (የፍሰት መመጠኛ) ገጠምሁ። ሬጉሌተሩ ታንኩ 8 ይሁን 6 ወደ ቫልቩ የሚደርሰውን 3 ባር ላይ ያቆየዋል፤ ቫልቩ ፍሰቱን በጥቂት በጥቂቱ ይመጥናል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቫልቩ እንደገና ከታንኩ ግፊት ጋር ይዋዥቃል።

ሬጉሌተሩ የሚስተካከለው የመርጫው ቃታ ተስቦ አየሩ እየፈሰሰ ሳለ ነው፤ ቃታው ሲለቀቅ ጌጁ ትንሽ ከፍ ቢል አያሳስብም። መገጣጠሚያዎቹን በቴፍሎን ጠቅልዬ በሳሙና አረፋ ፈትሻለሁ።