የልጆች የካርድ መጫወቻዎችን የታሪፍ ቁጥር ለመለየት

የልጆች ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ኢንቮይሱን ሲገልጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው «ካርድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። በዚያ ቃል ሥር ግን ልጁ በእንጨት ጫፍ ጥቁሩን ቀለም እየፋቀ ከሥሩ ቀስተ ደመና የሚያወጣበት ካርድ፣ ዳር ዳሩ ተበስቶ በጫማ ማሰሪያ መሰል ክር የሚሰፋ ወፍራም ካርቶን፣ ጥንድ ጥንዱን እየፈለጉ የሚጫወቱበት የሥዕል ካርድ፣ ስቲከር የሚለጠፍበት ካርድ፣ ቀለም የሚቀባ የልደት ካርድና የምትሐት ብልሃት የሚሠራበት ካርድ ተደባልቀው ይመጣሉ። ለሻጩ ሁሉም አንድ ዕቃ ናቸው፤ የየዕቃው ቁጥርና ቀረጥ በተዘረዘረበት የታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ ግን ቦታቸው የተለያየ ነው።

የምደባው መሠረት ሐርሞናይዝድ ሲስተም፣ በተለመደው አጠራሩ ኤች ኤስ፣ የሚባለው ሥርዓት ነው። የሚያስተዳድረው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሲሆን ከጥር 1 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ በየጥቂት ዓመቱም ይሻሻላል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ሥርዓቱን በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል፤ የኢትዮጵያ ታሪፍም ስምንት አኃዝ አለው። ስለዚህ ሻጩ በኢንቮይሱ ላይ ያሰፈረው ረጅም ቁጥር ከስድስተኛው አኃዝ ወዲያ ለእኛ ምንም አይነግረንም። የመጀመሪያዎቹን ስድስትም ቢሆን እንዳለ መገልበጥ አይገባም፤ ላኪው ቁጥሩን ሲመርጥ በአገሩ የሚያገኘውን የታክስ ተመላሽ እያሰበ ሊሆን ይችላል፤ ለዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ ለሚቀርበው የዕቃ ማስታወቂያ፣ ተጠያቂ የሚሆነው ግን እርሱ ሳይሆን አስመጪው ነው።

የካርድ ዕቃ በአብዛኛው የሚመላለሰው በሦስት ምዕራፎች መካከል ነው፤ ምዕራፍ 48 የወረቀትና የካርቶን፣ ምዕራፍ 49 የኅትመት ውጤቶች፣ ምዕራፍ 95 ደግሞ የመጫወቻዎች፣ የጨዋታዎችና የስፖርት ዕቃዎች ናቸው። ስድስቱ አጠቃላይ የአተረጓጎም ደንቦች በቅደም ተከተላቸው ይነበባሉ። የመጀመሪያው ደንብ ምደባው በታሪፍ አንቀጹ፣ ማለትም በምዕራፉ ሥር ባለው ባለ አራት አኃዝ ምድብ፣ ቃላት እንዲሁም በክፍሎቹና በምዕራፎቹ ማስታወሻዎች እንዲወሰን ያዛል፤ የምዕራፉ ርዕስ ለማመላከቻ ያህል ብቻ የተቀመጠ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ደንብ ዘልለን ስለ «መሠረታዊ ባሕርይ» ወደሚናገረው ሦስተኛ ደንብ መሮጥ እንወዳለን፤ በልምዴ ያየሁት አብዛኛው የካርድ ክርክር ግን ማስታወሻዎቹን በወጉ ባለማንበብ የተነሣ ነው።

ማንኛውንም ቁጥር ከመጻፍ በፊት ናሙናውን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከአንድ ሣጥን 24 ካርዶች፣ አራት የሰም ከለሮች፣ አንድ ገጽ ስቲከርና እጥፍ የመመሪያ ወረቀት ወጡ እንበል። መጀመሪያ ካርዶቹን ገልብጦ ጀርባቸውን ማየት ነው። የሁሉም ጀርባ አንድ ዓይነት ከሆነና ፊታቸው ጥንድ ጥንድ ከሆነ፣ ጀርባው አንድ የሆነው ተጫዋቹ ፊቱን እንዳያውቅ ተብሎ ነውና ዕቃው ለጨዋታ የተሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ጀርባው ላይ የጥያቄው መልስ ከታተመ ግን ካርዱ የጥናት ካርድ ወደ መሆን ያደላል። ቀጥሎ መመሪያው ይነበባል፤ ተራ፣ ነጥብና አሸናፊ የሚሉ ሐሳቦች ካሉበት የጨዋታ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ በዚህ ካርድ ምን ያደርግበታል?

በሕግ ተጫውቶ የሚያሸንፍበት ከሆነ መድረሻው አንቀጽ 95.04 ነው፤ የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያወጣቸው የማብራሪያ ማስታወሻዎች በዚህ አንቀጽ ሥር ማንኛውንም ዓይነት የካርድ ጨዋታ ስለሚያካትቱ ለመጫወቻ ካርድ የተመደበው 9504.40 የተለመደውን መጫወቻ ካርታ ብቻ የሚመለከት አይደለም። የሚያነብበትና የሚያጠናበት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ «በ» የሚል ፊደልና የበግ ሥዕል ያለበት ተራ የፊደል ካርድ ቢሆን፣ የታተመ ዕቃ ስለሆነ በአንቀጽ 49.11 ይፈለጋል። ይኸው የፊደል ካርድ ለሁለት ተቆርጦ ፊደሉና በጉ እንደ እንቆቅልሽ ሥዕል ጥርስ በጥርስ የሚገጣጠሙ ከሆኑ ግን ሥራው ተለወጠ፤ አንቀጽ 95.03 ማንኛውንም ዓይነት ፐዝል በስም ይጠቅሳል። ክር የሚሰፋበት ባለ ቀዳዳ ካርቶንም በአብዛኛው ወደዚሁ አንቀጽ ይሄዳል፤ አንቀጹ ከ2007 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ በስድስት አኃዝ ደረጃ 9503.00 የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ያለው በመሆኑ ወደ አንቀጹ ከደረሱ በኋላ ሥራው ይቀልላል። የምትሐት ካርዶች በ95.05 ውስጥ ናቸው። የተለጣፊ ሥዕል ገጽ ለብቻው ሲመጣ በ49.11፣ በውኃ እየረጠበ ቆዳ ላይ የሚታተመው ጊዜያዊ ንቅሳት በ49.08 ይመደባል። የመልካም ምኞት መልእክት የታተመበት የልደት ካርድ ፖስታም ቢኖረው፣ ጌጥም ቢጨመርበት፣ በ49.09 ይቀራል፤ ጌጡ በዝቶ ካርዱ ለመልእክት መላኪያነቱ የቀረ እስኪመስል ድረስ ከሄደ ብቻ ጥያቄ ይነሣል።

ከሁሉ የሚከብደው የሚፋቀው ካርድ ነው። ሥዕል ያልታተመበትና እንዳሻው ሊሣልበት የሚችል ጥቁር ገጽ ከሆነ በመሠረቱ የተቀባ የመሣያ ወረቀት ነውና ወደ ምዕራፍ 48 ያዘነብላል። የአንበሳ ወይም የዓሣ ቅርጽ ይዞ ተቆርጦ፣ ማንጠልጠያ ክርና መፋቂያ እንጨት ተጨምሮበት ሲመጣ ግን የመጫወቻ ጠባይ አለው የሚል ክርክር ይነሣል። እዚህ ላይ በግምት ከመወሰን ይልቅ ከጉምሩክ ኮሚሽን የጽሑፍ ውሳኔ መጠየቅ ይሻላል እላለሁ።

የቀለም መቀቢያ መጽሐፍ አንቀጽ 49.03 አለው፤ ለመጽሐፍነት ግን በዋናነት የተጠረዙ ገጾች ሊኖሩት ይገባል። ገጾቹ ተገንጥለው በሚወጡ ፖስታ ካርዶች መልክ መሠራታቸው አያስወጣውም፤ በሣጥን ውስጥ ተበታትነው የመጡ ነጠላ ካርዶች ግን መጽሐፍ አይደሉም። የሚቆረጡ ሥዕሎች ላሉት የልጆች የሥዕል መጽሐፍ የማብራሪያ ማስታወሻው ያስቀመጠው መለኪያ ደግሞ እጅግ ግልጽ ነው፦ ሽፋኑን ጨምሮ ከገጾቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት በሙሉም ሆነ በከፊል እንዲቆረጡ የተሠሩ ከሆኑ ዕቃው መጫወቻ ነውና ወደ 95.03 ይዛወራል። እንዲህ ባለ ጊዜ መቀመጥና ገጽ መቁጠር ነው እንጂ መከራከር አያስፈልግም።

ካርዱ ከፕላስቲክ የተሠራ መሆኑ በራሱ ወደ ምዕራፍ 39 አይወስደውም። የክፍል ሰባት 2ኛ ማስታወሻ፣ ከ39.18ና ከ39.19 ዕቃዎች በቀር፣ የታተመበት ጽሑፍ ወይም ሥዕል ለዋና አገልግሎቱ ተጓዳኝ ብቻ ያልሆነን የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ምዕራፍ 49 ያስተላልፋል። ስለዚህ ተጽፎበት የሚጠረግ የፕላስቲክ የፊደል ካርድ የሚዳኘው በጥሬ ዕቃው ሳይሆን በታተመበት ነገር ነው።

አሁን በሣጥኑ ውስጥ ወዳሉት የሰም ከለሮች እንመለስ። ለየብቻቸው ቢመጡ አንቀጽ 96.09 ነበራቸው። በሦስተኛው ደንብ «ለ» መሠረት አንድ ነገር ስብስብ የሚባለው የተለያየ አንቀጽ ያላቸውን ዕቃዎች ሲይዝ፣ ዕቃዎቹ ለአንድ ፍላጎት ወይም ተግባር አብረው ሲቀርቡና እንደገና ሳይታሸጉ ለተጠቃሚ ሊሸጡ የሚችሉ ሲሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ስብስቡ በሙሉ መሠረታዊ ባሕርይ በሰጠው ዕቃ ይመደባል። ከለሮቹ ካርዶቹን ለመቀባት ከሆኑ ይህ ይሟላል። ከካርዶቹ ጋር ከረሜላ ወይም የእጅ ሰዓት ታሽጎ ከመጣ ግን አንድ ተግባር የለምና ስብስብ አይሆንም፤ እዚህ ላይ የምዕራፍ 95 4ኛ ማስታወሻ መታየት አለበት፤ በዚህ ማስታወሻ መሠረት ለችርቻሮ አብሮ የታሸገውና ጥምረቱ የመጫወቻ መሠረታዊ ባሕርይ ያለው ዕቃ በ95.03 ሊቆይ ይችላል።

የአንቀጽ ስሕተት በገንዘብ ሲለካ ከቀረጥ ልዩነቱ ይበልጣል። ለስሌት ያህል የሲ አይ ኤፍ ዋጋው፣ ማለትም የዕቃው ዋጋ ከመድንና ከማጓጓዣ ጋር፣ 100,000 ብር የሆነ፣ ኤክሳይዝ ታክስ የማይከፈልበት ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን 10,000 ብር፣ በ110,000 ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16,500 ብር፣ በድምሩ 126,500 ላይ የ10 በመቶ ሱር ታክስ 12,650 ብር፣ በጠቅላላው 39,150 ብር ይሆናል። ቀረጡ 30 በመቶ ቢሆን ተመሳሳዩ ስሌት 64,450 ብር ያወጣል። በቀረጡ ላይ የነበረው የ20,000 ብር ልዩነት 25,300 ደረሰ ማለት ነው። መጣኔዎቹ እዚህ የተወሰዱት ለምሳሌ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛውን ከሥራ ላይ ካለው የታሪፍ መጽሐፍ ማየት ይገባል።

በዲክላራሲዮኑ ላይ የሚጻፈው የዕቃ መግለጫ ከቁጥሩ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ናሙና ሳላይ፣ ኢንቮይሱ «የወረቀት ካርድ» ስላለ ብቻ በ48.23 የሞላሁት አንድ ጭነት ነበረኝ። ዕቃው ተከፍቶ በሚፈተሽበት ቀይ መስመር ላይ ወደቀ፤ ፈታሹ የመጀመሪያውን ሣጥን ሲከፍት ከካርዶቹ መካከል ሁለት ዛሮች፣ ማለትም ባለ ነጥብ የመጫወቻ ኪዩቦች፣ ተንከባለሉ፤ ከሥራቸውም የጨዋታ ሕግ የታተመበት ወረቀት ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መግለጫውን የምጽፈው «ከ36 የታተሙ የካርቶን ካርዶች፣ ከሁለት የፕላስቲክ ዛሮችና ከመመሪያ ጋር ለችርቻሮ የታሸገ፣ በተራ የሚጫወቱት የልጆች የካርድ ጨዋታ» በሚል መልክ ነው። ቃሉ የበዛ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቃውን ያላየ ሰው በዚህ መግለጫ ብቻ አንቀጹን ማግኘት ይችላል።

ጥርጣሬ ሲኖር የሌሎች አገሮችን ውሳኔዎች ማንበብ ይረዳል። የአሜሪካ ጉምሩክ የምደባ ደብዳቤዎቹን ክሮስ በተባለው የሕዝብ የመረጃ ቋት በነጻ ያቀርባል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ለሦስት ዓመት የሚጸኑ አስገዳጅ የታሪፍ መረጃዎችን ያትማል። እነዚህ የኢትዮጵያን ጉምሩክ ኮሚሽን አያስገድዱም፤ ስድስቱ አኃዝ የጋራ ስለሆነ ግን የክርክሩን መንገድ ያሳያሉ። በአሜሪካ ሆኖ የፊደል ካርድ ለሚያስመጣ ወገን ደግሞ ደብዳቤው የሚያስገድድ ነውና በራሱ ዕቃ ላይ ማስጠየቁ ይጠቅመዋል።

ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ሲጠየቅ ማመልከቻው የእያንዳንዱን ክፍል ጥሬ ዕቃ፣ ብዛትና ዋጋ፣ የማሸጊያውን ፎቶ፣ የአጠቃቀሙን መመሪያና አስመጪው ትክክል ነው የሚለውን አንቀጽ ከነምክንያቱ መያዝ አለበት። ናሙናው ደግሞ ማሸጊያው ሳይቀደድ፣ ሱቅ ላይ በሚሸጥበት መልኩ ይቅረብ፤ አስቀድሞም ሁለት ሣጥን ማስላክ ነው፤ አንዱ ከማመልከቻው ጋር ይሄዳል፣ ሌላው ከዲክላራሲዮኑ ቅጂ ጋር ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።