ከሁለት አሮጌ የተማሪ ቦርሳዎች የሳይክል የጎን ቦርሳ እንዴት እንደሚሠራ

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ያለው ሰው ገበያ ለመሄድ ባጃጅ አያስፈልገውም። ችግሩ ዕቃው ነው። መሪ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል እየተወዛወዘ ሳይክሉን ይጎትታል። ሁለት ያረጁ የተማሪ ቦርሳዎች ካሏችሁ ግን ለዓመታት የሚያገለግል የጎን ቦርሳ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትሠራላችሁ።

ዚፑ ቢበላሽ ግድ የለም። የታችኛው ስፌት ግን ጤነኛ ይሁን።

መጀመሪያ ጀርባውን አጠንክሩ። እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ ይህን ዘልዬ ነበር። ቲማቲም ሞልቼ ከገበያ ስመለስ ጨርቁ ወደ ውስጥ ተለመጠና የኋላ ጎማው ሽቦ ውስጥ ገባ። ጎማው ድንገት ቀጥ አለ፤ ከኋላዬ ደግሞ ባጃጅ ነበር። ስለዚህ ይህን ደረጃ አደራ። ከማያገለግል ጀሪካን ጠፍጣፋውን ጎን በቦርሳው ጀርባ ልክ ቁረጡና ከውስጥ አስገቡት። ማዕዘኖቹን አክብቧቸው፤ ሹል ጫፍ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ሁለቱ ቦርሳዎች እንደ አህያ ጭነት ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ። ማንገቻዎቹን ፍቱና ከኋላ መጫኛው በላይ ተሻግረው ቦርሳዎቹን የሚያያይዙ ሁለት ማሰሪያዎች አድርጓቸው። ማሰሪያውን፣ ጨርቁንና ጀሪካኑን አንድ ላይ በጋለ ምስማር ብሱ። ቡሎን ከማጥበቃችሁ በፊት ቦርሳውን ሰቅላችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ተረከዛችሁ ከቦርሳው ቢያንስ ሦስት ጣት ይራቅ፤ ከነካ ወደ ኋላ ግፉት።

አሁን ቡሎኑን እሰሩ። በሁለቱም በኩል ሰፊ ራንዴላ ይግባ፤ አለዚያ ክብደት ሲያርፍበት ጨርቁን ቀዶ ይወጣል። የቡሎኑ ራስ ወደ ጎማው፣ ዳዶው ወደ ቦርሳው ውስጥ ይሁን። ዙሪያውን በወስፌና በጫማ ሰፊ ክር ስፉት። ክሩን አስቀድማችሁ ጧፍ ላይ ሳብ ሳብ አድርጉት። ሰም የጠጣ ክር ውሃ አይጠጣም፣ ቋጠሮውም ቶሎ አይላላም።

የቦርሳውን ታች ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ከመጫኛው እግር ጋር ወጥራችሁ እሰሩት።

ክረምት ሲገባ ዚፕ ብቻውን አያዋጣም። የስኳር ማዳበሪያ ከነውስጥ ላስቲኩ አጥባችሁ ቦርሳው ውስጥ አስገቡ። አፉን ሦስት ጊዜ ጠቅልሉና እሰሩት።

ለሙከራ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አትምረጡ። 380 ሜትሩ ሁሉ ልስልስ ነው፤ የላላ ነገር ቢኖር አያሳያችሁም። በየጎኑ 5 ኪሎ ያህል ጫኑና ኮብልስቶን ላይ ንዱት። ስትመለሱ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። የተረፈ የማሰሪያ ጫፍ ካለም ቁረጡና በክብሪት ለብለብ አድርጉት፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ እሱም ሽቦው ውስጥ ይገባል።